ሙሉው ይቀረጽ፦ ስለ ጦርነት የሚዘምሩ ወጣቶች ድምፅ

የየትምህርት ቤቱን የኪነ ጥበብ ክበብና ሚኒ ሚዲያ የምትመሩ መምህራን፣ ከሁሉም በላይ ከአዳማ፣ ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከአርሲ ነገሌና ከሻሸመኔ እዚህ ላንጋኖ የተሰባሰባችሁ ወጣቶች፤

ዛሬ የማነሣው አንድ ጥያቄ ነው። ጦርነትን ያዩ ወይም ወሬውን እየሰሙ ያደጉ ወጣቶች ስለዚያው ዘመን ሙዚቃዊ ተውኔት ሲሠሩ፣ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ድምፃቸው የት ይደርሳል? መልሴ አጭር ነው፤ ይቀረጽ። ደግሞም ሙሉው ይቀረጽ፤ ከመክፈቻው ኅብረ ዝማሬ እስከ መዝጊያው፣ በተጫወቱት ልጆች በራሳቸው ድምፅ፣ መድረክ ላይ በቀረበበት ቅደም ተከተል። ስለ ጦርነት የተሠራ ተውኔት ተቆራርጦ ሲወጣ መልእክቱ ይገለበጣል። የዛሬው ንግግሬ ዋና ነጥብ ይህ ነው።

አገራችን የጦርነት ዜማ አላጣችም። ፉከራ አለን፣ ሽለላ አለን፣ ቀረርቶ አለን፤ በኦሮሞ ወገን ጌረርሳ አለ። እነዚህ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ቆሞ ስለ ራሱ፣ ስለ ወገኑ፣ ስለ ዋለበት ውሎ የሚናገርባቸው ናቸው። በዚሁ በአርሲ ምድር ደግሞ ሌላ ዜማ አለ። ሁለት ወገን ሊጋጭ ሲል ወይም ሲጋጭ እናቶች በሠርጋቸው ቀን የተቀበሉትን የሲንቄ በትር ይዘው፣ እየዘመሩና እልል እያሉ መካከል ይገባሉ። ሲንቄ የያዘች እናት በቆመችበት መሣሪያ አይነሣም፤ ደንቡ ነው። አንዱ ዜማ ወደ ጦር ያስገባል፣ ሌላው ከጦር ያወጣል። ሁለቱም የኛ ናቸው።

ሙዚቃዊ ተውኔት ከእነዚህ የሚለየው ሁለቱን ዜማ በአንድ ምሽት፣ በአንድ መድረክ ላይ ፊት ለፊት ማቆም በመቻሉ ነው። እስቲ እንዲህ ያለ ተውኔት እናስብ። በመጀመሪያው ክፍል አንድ የ18 ዓመት ልጅ ሊዘምት ተነሥቶ ይፎክራል፤ ጓደኞቹ ይቀበሉታል፤ አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። በሁለተኛው ክፍል እናቱ ያንኑ ዜማ አዝግማ፣ ግጥሙን ለውጣ ትዘምረዋለች። በሦስተኛው ክፍል በወዲያኛው ወገን ያለ አንድ እኩያው ያንኑ ዜማ ያነሣል፤ ተመልካቹም ሁለቱ ልጆች የአንድ ዜማ ልጆች እንደሆኑ ያኔ ይገባዋል። አሁን የመጀመሪያውን ዘፈን ብቻ ነጥለን፣ ሞቅ ያለ ስለሆነ፣ በስልክ እናሰራጨው። ምን ተረፈ? የክተት ጥሪ ተረፈ። ደራሲው ያሰበው፣ ልጆቹ ለወራት የደከሙበት መልእክት ጠፍቶ ተቃራኒው ከተማውን ይዞራል። ዜማው ስለተወደደ ብቻ የተውኔቱ አንድ ክፍል ሌሎቹን ሁለቱን ይውጣቸዋል።

ስለዚህ በሌላው ዓለም የተለመደው የተዋንያን ቅጂ፣ ማለትም የአንድ ሙዚቃዊ ተውኔት ዘፈኖች በመጀመሪያዎቹ ተዋንያን ድምፅ ከነቅደም ተከተላቸው የሚቀረጹበት አልበም፣ ለኛ ከማስታወሻነት ያለፈ ጥቅም አለው። አድማጩ ፉከራውን የእናቲቱን መልስ ሳይሰማ እንዳያልፍ ያደርጋል።

ወደ ታሪካችን ልግባ። በኢትዮጵያ ቴአትርና ሙዚቃ የተገናኙት በትምህርት ቤት ልጆች አማካይነት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከጎጃም የቅኔ ቤት ወጥተው አዲስ አበባ የመጡ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ተውኔቶቻቸውን የተጫወቱላቸው ተማሪዎች ናቸው፤ ተውኔቱን በዝማሬ ማጀብም ከእሳቸው መለያዎች አንዱ ነበር። የጣሊያን ወረራ ያስከተለውን መከራ በተምሳሌት ያሳዩበት «አፋጀሽኝ» እስከ ዛሬ ስሙ ይነሣል።

ከዮፍታሔ ጋር ስሙ አብሮ የሚጠራው ሰው ኬቮርክ ናልባንድያን ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲደርሱ በአርመን ገዳም የሚያድጉ፣ ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ አዩ። አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ አርባ ልጆች ተባሉ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ሆነ። በኋላ የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር የሆነውን ዜማ የደረሰው እሱ ነው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ነው፤ በነሐስ መሣሪያ የተጫወቱትም እነዚያ የጦርነት ወላጅ አልባዎች ናቸው። የዘመናዊ ሙዚቃችን መጀመሪያ ላይ ጦርነት ቤታቸውን ያፈረሰባቸው ወጣቶች ቆመዋል ማለት ነው።

ከዚያ ሐምሌ 1927 ዓ.ም. መጣ። የፋሺስት ጦር ድንበር ላይ ሲከማች፣ በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። በምኒልክ አደባባይ ሕዝቡ እየተጠራ ዲስኩር ይሰማ ነበር፤ ከዲስኩሩ ጋር ዘፈንና ግጥም ይቀርብ ነበር። ዛሬ እኔ የቆምኩበት የንግግር ዓይነት የዚያ አደባባይ ልጅ ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራው ተጀመረ።

ከነጻነት በኋላ ደግሞ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን እናገኛለን። በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር የተሰለፉ፣ ተማርከው በጣሊያን አዚናራ ደሴት የታሰሩ ሴት ናቸው። ተመልሰው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሲሆኑ ስለ ጦርነቱ ዘመን ተውኔት ጻፉ፤ የተጫወቱትም የትምህርት ቤቱ ልጃገረዶች ናቸው። በ1942 ዓ.ም. የታተመው «የልቤ መጽሐፍ» የዚያ ልብ ማኅደር ነው። ልብ በሉ፤ የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንድ ይጫወት በነበረበት አገር፣ አርበኛና እስረኛ የነበረች ሴት የጻፈችውን ተውኔት ልጃገረዶች መድረክ ላይ አወጡት።

አሁን የማዝንበትን ልንገራችሁ። አበው በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። የተውኔት ዘፈን ግን በመጽሐፍ የሚወረሰው እኩሌታው ብቻ ነው። ግጥሙ ይቀራል፤ የልጅቷ ድምፅ የተሰበረበት ቦታ አይቀርም። ተቀባዮቹ የት ላይ ትንፋሽ እንደወሰዱ፣ ከበሮው የት ላይ ዝም እንዳለ፣ የትኛው ስንኝ ላይ አዳራሹ አብሮ እንደዘመረ መጽሐፍ አይነግረንም።

ለምን አልተቀረጸም? መሣሪያው አገራችን ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሸክላ አንድ ገጽ ላይ የሚገባው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ነው። ተውኔት አይችልም፤ ዘፈን ብቻ ይችላል። ከዚያም ለብዙ ዓመት ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ድንጋጌ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ቆየ። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ ያንን አጥር ጥሶ ሸክላ ማውጣት ሲጀምር ወርቃማ የምንለው ዘመን ተከፈተ፤ ሆኖም ትናንሾቹ ሸክላዎችም የነጠላ ዘፈን ቤት ነበሩ። ካሴት ሲመጣ አንድ ሰዓት ሙሉ መቅረጽ ተቻለ። ያኔ ግን ገበያው የለመደው ዘፋኙን ነበርና ተውኔቱ ውጭ ቀረ። መድረኩ ከሠራቸው ዘፈኖች ለጆሮ የደረሱት ዝነኛ ድምፃዊ የነካቸው ናቸው።

ኔርሰስ ናልባንድያንን ውሰዱ፤ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነው። ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራና ለመድረኩ ብዙ ደክሟል። ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ የአሜሪካው ኤይዘር ኦርኬስትራ ሥራዎቹን ከኖታው አንሥቶ ተጫውቷቸዋል። ኖታ በመቀመጡ ዜማው ተረፈ፤ በጊዜው የዘመሩት ሰዎች ድምፅ ግን ከኖታ አይነሣም።

በሌላው ዓለም ምን ሆነ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ኒው ዮርክ ውስጥ «ኦክላሆማ!» የተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት ተከፈተ። ዴካ የተባለው የሸክላ ኩባንያ በዚያው ዓመት ዋናዎቹን ተዋንያን ከነኦርኬስትራቸው ስቱዲዮ አስገብቶ ስድስት ሸክላ ያለው አልበም አወጣ። ጦርነቱ የሸክላ ጥሬ ዕቃ እጥረት አስከትሎ በነበረበት ጊዜ ነው ይህን ያደረጉት። ከዚያ በፊትም የተውኔት ዘፈኖች በሸክላ ወጥተዋል፤ ይህ አልበም ግን የተዋንያን ቅጂን ልማድ አደረገው።

በዚያው በ1943 መስከረም ወር፣ በቼክ ምድር ናዚዎች አይሁዳውያንን ባጎሩበት በቴሬዚን፣ ታሳሪ ሕፃናት «ብሩንዲባር» የተባለ የልጆች ኦፔራ መድረክ ላይ አወጡ። ሙዚቃው የሐንስ ክራሳ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው፤ አባት የሌላቸው ወንድምና እኅት ለታመመች እናታቸው ወተት መግዣ ለማግኘት ገበያ ላይ ይዘምራሉ፤ ብሩንዲባር የተባለው ጨካኝ የመንገድ ሙዚቀኛ ያባርራቸዋል፤ ድንቢጥ፣ ድመት፣ ውሻና የመንደሩ ልጆች ተባብረው ያሸንፉታል። 55 ጊዜ ታየ። በየጊዜው አንዱ ልጅ ወደ ሞት ካምፕ ሲጫን ሌላው ቦታውን እየያዘ ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1944 ናዚዎች ቴሬዚን የተድላ ከተማ ነው ብለው ዓለምን ለማታለል ፊልም ሲሠሩ የዚህን ኦፔራ መዝጊያ ኅብረ ዝማሬ ቀረጹ። ክራሳና ከልጆቹ አብዛኞቹ በዚያው ዓመት መኸር ወደ አውሽዊትዝ ተወሰዱ፤ የተመለሱት ጥቂት ናቸው።

እንግዲህ የእነዚያ ልጆች ድምፅ ተቀርጿል። የቀረጸው ግን ገዳያቸው ነው። የመረጠውም እሱ ነው፤ መዝጊያውን፣ ደስ የሚለውን፣ ለውሸቱ የሚያመቸውን ቆርጦ ወሰደ። ከዚህ የምማረው፣ የወጣቶችን ድምፅ ማን እንደሚቀርጽና ማን እንደሚቆርጥ ወሳኝ ጥያቄ መሆኑን ነው። ሙሉው በልጆቹ እጅ ካልተቀመጠ፣ ቁራጩ በሌላ እጅ ለሌላ ዓላማ ይውላል።

ይህ ጉዳይ ከዚህ ከላንጋኖ ብዙ አይርቅም። ከቡልቡላ ወደ ምዕራብ ከታጠፍን፣ በአብያታና በሻላ አካባቢ አላጌ የሚባል ሥፍራ አለ። ዛሬ የምናውቀው በግብርና ኮሌጅነቱ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን እዚያ ሕፃናት አምባ ተቋቋመ፤ በምሥራቅና በሰሜን ጦርነቶች ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ያደጉበት መንደር ነው። ያ ዘመን በየቀበሌው፣ በየፋብሪካው፣ በየትምህርት ቤቱ የኪነት ቡድን የነበረበት ዘመን ነው። ወጣቶች በክራር፣ በከበሮና በኅብረ ዝማሬ ዘማች ይሸኙ፣ ዘማች ይቀበሉ ነበር። ብዙ ችሎታ የተገኘበት ዘመን ነው፤ ዛሬ የምናደንቃቸው ድምፃውያንና ተወዛዋዦች ከዚያ ወጥተዋል። ሆኖም ግጥሙ ከላይ ይወርድ ነበር፤ ልጁ ስለ ራሱ ኀዘን ሊዘምር የሚችልበት ቦታ ጠባብ ነበር። በቀረጻ የቀሩትም በአብዛኛው መንግሥት ሊያሰማቸው የፈለጋቸው ዜማዎች ናቸው። ዛሬ የአምባ ልጆች አዋቂዎች ናቸው፤ በመካከላችሁም የአምባ ልጅ የወለደው ሊኖር ይችላል። ሂዱና ጠይቋቸው። ልጅ ሆነው የዘመሩትን አሁን በአዋቂ ድምፃቸው ይዘምሩላችሁ፤ ማታ ማታ በመኝታ ቤት ለራሳቸው የዘመሩት ካለ እሱንም ይንገሯችሁ። ያንን መቅረጽ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

የእናንተም ትውልድ የራሱ ሸክም አለው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የነበረውን ጦርነት በልጅነት ሰምታችኋል፤ በዚሁ ክልልም በግጭት ምክንያት ትምህርቱ የተቋረጠበት፣ ቤተሰቡ የተፈናቀለበት ወጣት አለ። ስለዚህ የምትጽፉት ተውኔት ለናንተ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ይህን በመድረክ ለማሳየት የደፈረ ወጣት፣ ድምፁ ለቀጣዩ ሰው እንዲደርስለት መጠየቅ መብቱ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ስቱዲዮ የለንም የሚለውን አልቀበልም፤ ደህና ስልክ ካለ መነሻ አለ። እዚህ ሐይቁ ዳር ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ማይኩ ውስጥ ሲገባ ዘፈን ያበላሻል፤ ስለዚህ ጠዋት ቅረጹ። የመማሪያ ክፍሉ ቆርቆሮ ከሆነ በክረምት ዝናብ አያስቀርጽም፤ በጋውን ተጠቀሙ። ግድግዳው ድምፅ እንዳይመልስ ብርድ ልብስና ፍራሽ ስቀሉ። ጄኔሬተር አታስነሡ፤ በባትሪ ሥሩ። ስልኩን ከጥሪ ዝጉት፤ ከዘማሪዎቹ አንድ ክንድ ተኩል ያህል አርቃችሁ ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጡት፤ በእጅ አትያዙት። ከበሮውን ወደ ኋላ፣ ለስላሳ ድምፅ ያላትን ልጅ ወደ ፊት አቁሙ። ኪቦርዱ የልጆቹን ድምፅ እንዳይሸፍን ዝቅ ይበል።

ቅደም ተከተሉን አትንኩ። ሞቅ ያለው ዘፈን ቢደገም ደስ ይላል ብላችሁ ወደ ፊት አታምጡት። በሁለት ዘፈኖች መካከል ያለችውን አጭር ምልልስ ጨምሩባት፤ አንዳንዴ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት ፉከራውን ጥያቄ የምታደርገው። ግጥሙ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ከሆነ እንደ ተዘመረው ይቀረጽ፤ ትርጉሙን በጽሑፍ አያይዙ። ድምፅ ቢሰነጠቅ፣ አንዱ ልጅ እንባ ቢቀድመው፣ ቶሎ ብላችሁ አታጥፉት። መልሳችሁ ቅረጹ፤ ሁለቱንም አስቀምጡ፤ የሚወጣውን ልጁ ራሱ ይምረጥ።

ከዚያ ስም ጻፉ። ማን ምን ሆኖ ተጫወተ፣ ማን ግጥሙን ጻፈ፣ ማን ዜማውን አወጣ፣ ከበሮ የመታው ማን ነው፣ መቼና የት ተቀረጸ። በኪነት ዘመን ስንት ኅብረ ዝማሬ ያለ አንድም ስም ቀርቷል! ኅብረ ዘማሪ ማለት ስም የለሽ ማለት አይደለም። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ካለ የወላጅ ፈቃድ ይጠየቅ። የራሱን የቤተሰብ ታሪክ የዘመረ ወጣት ስሙ ቢወጣ የሚያሰጋው ከሆነ፣ በገጸ ባሕርዩ ስም ብቻ ይጠራ፤ እውነተኛ ስሙ ከክበቡ መዝገብ አይውጣ።

መብታችሁንም እወቁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲን ብቻ አይጠብቅም፤ ከዋኙንም፣ ማለትም የሚጫወተውንና የሚዘምረውንም ይጠብቃል። ለ50 ዓመት የሚዘልቅ የኢኮኖሚ መብት ይሰጠዋል። ዛሬ 17 ዓመት የሆናት ዘማሪ እስከ 67 ዓመቷ ድረስ በድምፅዋ ላይ መብት አላት ማለት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ፣ ክበቡና ልጆቹ አንድ ገጽ ስምምነት ይጻፉ፤ ዋናው ቃል ይህ ይሁን፦ ያለ ተዋንያኑ ፈቃድ አንድ ዘፈን ተነጥሎ ለቅስቀሳ፣ ለማስታወቂያም ሆነ ለፖለቲካ ሰልፍ አይሰጥም።

መጨረሻ ላይ ቅጂው በአንድ ስልክ ብቻ አይቅር። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ይሸጣል። አንዱ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር፣ አንዱ በፍላሽ በመምህሩ ቤት ይቀመጥ፤ ሦስተኛውን አዲስ አበባ ላለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወይም ስድስት ኪሎ ላለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አቅርቡ። የልጆች ሥራ ነው ብላችሁ አትፈሩ። የዮፍታሔ ተማሪዎችም ልጆች ነበሩ፤ ዛሬ ድምፃቸውን የሚያመጣልን ቢገኝ የትኛው ተመራማሪ ይንቀዋል?

መምህራን ሆይ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ክበባችሁ ተውኔት ሲያቅድ ቀረጻውን ከመጀመሪያው ቀን በዕቅዱ ውስጥ አስገቡት፤ ከልብስና ከመድረክ ዕቃ ጋር እኩል ይቆጠር። እናንተ ወጣቶች ደግሞ ስለ ጦርነት ስትጽፉ የሚፎክረውንም፣ የምታለቅሰውንም፣ ሲንቄ ይዛ መካከል የምትቆመውንም በእኩል ጥንቃቄ ጻፉ፤ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ቅረጹ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያዳምጣችሁ ሰው ይህ ትውልድ ስለ ጦርነት ያለውን ስሜት በሙሉ፣ ከነጥርጣሬውና ከነተስፋው፣ ከራሳችሁ አፍ ይስማ። ሌላ ሰው ቆርጦ በመረጠላችሁ አንድ ዘፈን እንዲፈርድባችሁ አትፍቀዱ።